ማኪያቶ የመሰለ የሞተር ዘይት ምንድን ነው?

የጀልባ ሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ ተስቦ ሲወጣ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መጠኑም ከላይኛው ምልክት አልፎ ይገኛል፤ ዘይት በራሱ አይጨምርም፣ የጨመረው ውሃው ነው። መኪና ላይ ይህ ሲታይ መካኒክ ቀድሞ የሚጠረጥረው የቴስታታ ጓርኒሽን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) ነው። ባህር ላይ ግን ተጠርጣሪው ብዙ ነው፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ራሱ ባህሩ ስለሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ በጀልባው ወለል ካለ ቀዳዳ የባህር ውሃ ይስባል። በቆዩና በትንንሽ ሞተሮች ይህ ውሃ በቀጥታ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይዞራል። አሁን በብዛት በሚሠራባቸው የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ ውስጥ የሚዞረው ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ የባህሩ ውሃ በጎን ባለ ሙቀት መለዋወጫ አልፎ ሙቀቱን ብቻ ይወስዳል። በሁለቱም ዓይነት ግን መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ውሃው ጭስ ማውጫው ውስጥ ተረጭቶ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጭሱን ያቀዘቅዛል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚሁ ነው፤ የጨው ውሃና የሞተሩ ሲሊንደሮች በአንድ ቱቦ ተገናኙ ማለት ነውና።

ውሃው ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ውሃና ጭስ የሚቀላቀሉበት የብረት ክርን ከውስጥ በዝገት ሊበላ ይችላል፤ ከውጭ ቀለሙ ሳይነካ ስለሚቆይ ካልፈቱት አይታወቅም። ሞተሩ ከባህሩ ወለል በታች ከተቀመጠ ደግሞ ከጠፋ በኋላም ውሃው በቱቦው እየተሳበ ሊገባ ይችላል። ይህን ለመከላከል ቱቦው ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ ይደረጋል፣ እሱም በጨው ይደፈናል።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ሰው በገዛ እጁ የሚያስገባው ነው። ሞተር አልነሳ ሲል ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ደጋግሞ ማዞር የሁላችንም ጠባይ ነው። ሞተሪኖው በዞረ ቁጥር ፓምፑም ይዞራል፣ ውሃም ይስባል። ሞተሩ ስላልተነሳ ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ጭስ የለም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይሞላል፣ ሲሞላ ወደ ሲሊንደሮቹ ይመለሳል፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሞተሩ አስቸገረ ሲባል የባህር ውሃ መግቢያውን ቫልቭ መዝጋት፣ እንደተነሳ ወዲያው መክፈት። መክፈቱን የረሳ ሰው ደግሞ የፓምፑን የጎማ ፋን ያቃጥላል።

ሌላው መንገድ ፓምፑ ነው። በብዙ ሞተሮች ፓምፑ በቀጥታ ከሞተሩ ጊር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በባህር ውሃና በዘይት መካከል ያሉት ሁለት የጎማ ማኅተሞች ብቻ ናቸው። በመካከላቸው ወደ ታች የሚያይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከዚያ የጨው ጠብታ ከታየ የውሃው በኩል ማኅተም አልቋል፤ ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ወደ ዘይቱ ያልፋል። አንዳንዱ ሰው ጠብታው ሞተር ክፍሉን አበላሸ ብሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል! በዘይት ማቀዝቀዣውም በኩል ውሃ ሊገባ ይችላል።

ሞተሪኖው አንዴ "ጓ" ብሎ ከቆመ መድገም አይገባም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ውሃ ላይ ሲመጣ የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ነው። የባህር ውሃ መግቢያው ይዘጋ፣ ኢንጀክተሮቹ ይፈቱ (በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ)፣ ከዚያ ሞተሩ ፑሌጃው (ቺንጋ የሚዞርበት መዘውር) ላይ በብሎን መፍቻ ቁልፍ ቀስ ተብሎ በእጅ ይዙር። ውሃው በቀዳዳዎቹ በኃይል ስለሚወጣ ፊትን ከዚያ ማራቅ ያስፈልጋል። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ይረጫል።

ቀጥሎ የሞተሩ ዘይት ነው። ጀልባ ላይ ከሞተሩ ሥር ገብቶ ማፍሰሻውን ለመፍታት ቦታ ስለማይኖር ዘይቱ ብዙውን ጊዜ በመለኪያው ቀዳዳ በቀጭን ቱቦ ይሳባል። ፊልትሮውም ይቀየራል። አዲስ ዘይት ተሞልቶ ሞተሩ እስኪሞቅ ይሠራል፣ በትኩሱ ይወጣል፣ እንደገና ይሞላል። መለኪያው ላይ ንጹሕ ዘይት እስኪታይ ሦስቴ አራቴ መድገም የተለመደ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች ርካሽ ዘይት ይበቃል፣ የሚጣል ነውና።

ይህ ሁሉ መደጋገም በጨው ምክንያት ነው። ጣና ላይ ሞተሩ ውሃ የገባበት ጀልባ ችግሩ ቀለል ይላል፤ የቀረችው ውሃ በሙቀት ተንና ትሄዳለች። ቀይ ባህር ላይ ግን በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም ጨው አለ። ግማሽ ሊትር ውሃ ቢተን ሃያ ግራም ያህል ጨው በሲሊንደሩ ግድግዳና በኩሽኔታዎቹ (ዘንጎቹ በሚዞሩባቸው ቀለበቶች) ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው እርጥበትና አየር ነው፣ ዝገቱም በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ስለዚህ ነገ መካኒክ እጠራለሁ የሚባል ነገር የለም።

ከጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠል ሞተር ባህር ውስጥ ሰምጦ ከወጣ፣ በዚያው ቀን የሚፈታው ሰው ከሌለ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ይቆያል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ይመስላል፣ ግን ዝገት አየር ይፈልጋል፤ ውጭ ቆሞ ከሚዝግ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይሻለዋል።

ውሃው የገባበት ቀዳዳ ሳይገኝ ዘይት እየቀየሩ መቀጠል ገንዘብ መድፋት ነው። ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ መለኪያው እንደገና ይታይ። ማኪያቶው ከተመለሰ መጀመሪያ ፓምፑን ፈቱ፣ ቀጥሎ የዘይት ማቀዝቀዣውን በግፊት አስፈትሹ፣ የቴስታታውን ጓርኒሽን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ሥራውም ወጪውም የሚበዛው እሱ ነው።