ለጋቢ የተዘረጋ እጅ ለጫማ ሲታጠፍ

ገበያ ሲበተን ከደብረ ማርቆስ ወደ ገጠር የሚወጣውን መንገድ ቆሞ ላየ፣ ባለጥለት ጋቢ ትከሻው ላይ የጣለ ጎልማሳ ኮንጎውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ጭቃውን በባዶ እግሩ ሲያቋርጠው ማየቱ አይቀርም። ጫማው እንዳያልቅ ነው። እኛ ጎጃሞች ምን ላይ እንጨክናለን፣ ምን ላይ እንሰስታለን ሲባል እኔ የማስታውሰው ይህን ነው።

«ጫማ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ እርሻ ላይ ይባክናል»

ከቁጠባችን ሁሉ የከፋው ይኼ ነው። ብዙዎች ዝሆኔ የሚሉት የእግር እብጠት (ፖዶኮኒዮሲስ) በጎጃም ብርቅ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 3 ያህሉ እንደያዛቸው አሳይቷል። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ነው። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ሰርጎ ይገባና እግር ያብጣል።

ሐምሌ ላይ ጭቃ ኮንጎን ከእግር መንጭቆ እንደሚያስቀር አውቃለሁ፤ ሞፈር ይዞ ጫማ መፈለግ ያናድዳል። ቢያንስ ከእርሻ ሲመለሱ እግርን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ብዙ ወጪ የለውም። ክፍት ነጠላ ጫማ ግን አፈሩን አይከለክልም።

«የዘር በሽታ ነው፤ እርግማን ነው፤ ይጋባል»

አይጋባም። እርግማንም አይደለም። «የዘር ነው» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ አዘውትሮ የተሸፈነ ጫማ ያደረገ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። «ከእነ እገሌ ቤት አትጋቡ» እየተባለ ስንት ልጅ ያለ ትዳር ቀርቷል! በጊዜ ከተያዘ ደግሞ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል።

«እንግዳ ከመጣ ነጭ ጤፍ ነው እንጂ»

ነጩ ውድ የሆነው በመልኩ ነው። ቀዩ በብረት ከነጩ አያንስም፤ ለቤት ልጆች ቀዩን አብልቶ ለእንግዳ ነጩን መጋገር ልጆቹን መበደል አይደለም።

«ከራስ ጎተራ ዘር እያለ ዘር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው»

ለጤፍ ይሠራል። ጤፍ በራሱ አበባ ብናኝ የሚራባ ሰብል ስለሆነ፣ ቁንጮን የመሰለ የተሻሻለ ዝርያም ቢሆን ንጹሕና ያልተደባለቀ ከሆነ ከራስ ምርት ተመርጦ ለጥቂት ዓመት ይዘራል። ለድቅል በቆሎ ግን አይሠራም። ቢኤች 660 የተባለውን ድቅል በቆሎ ከጎተራ አውጥቶ መልሶ የዘራ ሰው ማሳው ላይ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይበቅልበታል፤ ምርቱም ይወርዳል። የዘሩን ዋጋ ያተረፈ መስሎት የማዳበሪያውን ወጪ ጭምር ያጣል።

«ገበሬ የሚደኸየው በሰርግ ነው»

ይህን ብዙ ጊዜ የሚሉት የከተማ ሰዎች ናቸው። የጥር ሰርግ ላይ የሚበላው ሁሉ ከደጋሹ ኪስ አይወጣም፤ ጎረቤት እንጀራውን፣ ዘመድ ጠላውን ይዞ ይመጣል፣ ነገ ደግሞ ብድሩ ይመለስለታል። ለልጁ ሰርግ የሰሰተ ሰው ያንን የብድር ሰንሰለት ራሱ ይበጥሰዋል። እኔን የሚከፋኝ ለድግሱ ተብሎ የሚሸጠው የእርሻ በሬ ነው፤ ጥር ላይ ሙሽራ የዳረ አባት ሰኔ ሲገባ አንዷን የቀረች በሬውን እየነዳ መቀናጆ ፍለጋ በየደጁ ሲዞር አይቻለሁ።