የቪዲዮ ጌም ኦርኬስትራ፣ ከጅማ ሲሰማ

የጌም ኦርኬስትራ ለቪዲዮ ጌም ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ ነው። ቫዮሊን፣ ቼሎ (ድምፁ ወፈር ያለ ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ)፣ ጥሩምባና ከበሮ ይሰማበታል፤ አንዳንዴም መዘምራን ይገቡበታል። ከፊልም ሙዚቃ ጋር ይቀራረባል። ግን የፊልም ሙዚቃ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያለቀለት ነው። የጌም ሙዚቃ ተጫዋቹን ይከተላል። ሰዉን የሚማርከውም ይኸው ነው።

አንዱ ዜማ በድርብርብ ይዘጋጃል። ተጫዋቹ ተደብቆ ሲሄድ ቫዮሊኖቹ ብቻ በቀስታ ይሰማሉ። ጠላት ሲያየው ከበሮው ይገባል። ውጊያው ሲጦፍ ጥሩምባው ይደረባል። ጠላት ሲወድቅ ደግሞ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ዜማው ግን አልተቆረጠም። ተጫዋቹ መቼ ምን እንደገባ ሳያውቀው ልቡ ይመታል። የጌም ኩባንያው ሉካስአርትስ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር «አይሚዩዝ» የሚባል ሥርዓት ሠርቶ በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ማንኪ አይላንድ 2 የሚባል ጌም ላይ ተጠቅሞበታል።

መነሻው ጠባብ ነበር። ፋሚኮም የሚባለው የጃፓኑ ኔንቲዶ የጌም መሣሪያ 5 የድምፅ መስመር ብቻ ነበረው። የዜማ ደራሲው ኮጂ ኮንዶ የሱፐር ማሪዮን ዜማ በ1985 የሠራው በዚያው ነው። ጌጥ ስለማይቻል ዜማው ራሱ ጠንካራ መሆን ነበረበት፤ ዛሬም ሰው የሚያፏጨው ለዚህ ይመስለኛል። በ1987 ኮይቺ ሱጊያማ ድራጎን ኩዌስት ለሚባል ጌም የደረሰው ሙዚቃ ቶኪዮ ውስጥ በኮንሰርት ቀረበ። በ1997 ደራሲው ኖቡኦ ኡኤማትሱ ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባል ጌም ላይ መዘምራን አስገባ። ከአፍሪካ ቋንቋም ድርሻ አለ፤ ክሪስቶፈር ቲን ለሲቪላይዜሽን 4 ጌም የሠራው የስዋሂሊ መዝሙር «ባባ ዬቱ» በ2011 ግራሚ የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት ሲያሸንፍ፣ ለጌም ከተሠራ ሙዚቃ የመጀመሪያው ሆነ።

ጅማ ላይ ጌም ቤት ሲባል በአብዛኛው ኳስ ነው። ቴሌቪዥኖቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ድምፃቸው ይቀነሳል፣ ተረኛው ከኋላ ቆሞ ይጮኻል። ክረምት ሲሆን ደግሞ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቼሎ ማን ይሰማል! ስለዚህ ይህ ሙዚቃ እዚህ የሚደመጠው ከጌሙ ተነጥሎ፣ በስልክና በኢርፎን ነው። ለፈተና ለሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመቻል። አብዛኛው ግጥም የለውም። ደግሞም ለሰዓታት ተደጋግሞ ሳያሰለች፣ ሐሳብም ሳይሰርቅ ከኋላ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው።

ለእኛ ጆሮ የትኛው ይቀርባል? እኔ የምመርጠው በ2012 የወጣውን ጆርኒ የሚባል ጌም ሙዚቃ ነው። የደረሰው ኦስቲን ዊንቶሪ ነው። ብቻውን በረሃ የሚያቋርጠውን ተጓዥ አንድ ቼሎ ይወክለዋል። ማሲንቆ ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፤ አንድ ሰው እያንጎራጎረ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ኦርኬስትራው ቀስ እያለ ይቀላቀለዋል፣ አይውጠውም። ሥራው ለግራሚ በእጩነት ቀርቧል። ግርማ ሞገስ ለሚወድ ደግሞ የ2011ዱ ስካይሪም አለ። መዘምራኑ በተደራራቢ ስለተቀዱ የጦር ሠራዊት ያህል ሆነው ይሰማሉ።

በዩቲዩብ የሚገኘው ቅጂ ከብዙዎቹ መልኮች አንዱ ብቻ ነው። ጌሙን ለማግኘት የቻለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይቁም፣ ከዚያ ይራመድ። ሙዚቃው ሲለወጥ ይሰማዋል።