«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ተረቱና የወንዙ ስም

ተረቱ የሚነገረው ማረፊያ ሳይኖረው ሸክም ለሚያበዛ ሰው ነው። በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ ትልቅ ቁም ሣጥን ገዝቶ ከሰፈር ሰፈር ሲያጓጉዝ «ዓባይ ማደሪያ የለው» ይባልለታል፤ የቀረውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። የራሱን ጉዳይ ሳያደላድል የሰው ጣጣ ለሚሸከምም ይሆናል።

ተረቱን አፍ ላይ ያቆየው ድምፁ ነው። «ይዞ» ከ«ያዘ»፣ «ይዞራል» ከ«ዞረ» የወጡ ናቸው፤ ሥራቸው የተለያየ ሆኖ ጆሮ ላይ ግን አንዱ የሌላው ቅጥያ ይመስላል። «የለው» ላይ «ም» የቀረችው እንደ ግጥም ነው። «የለውም» ብለው የሚያርሙ ሰዎች ሰዋስዉን አቃንተው ምቱን ይሰብሩታል፤ እንዳለ ቢተውት ይሻላል።

ቃላቱም የወንዙን አካሄድ ልቅም አድርገው ይዘዋል። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ ግልገል ዓባይ እየተባለ ጣና ይገባል፤ ሐይቁ ውስጥ ግን አይቀርም፣ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። ከዚያም በቀጥታ ወደ ሱዳን አያቋርጥም። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ጎጃምን እንደ መቀነት ይከባል። «ይዞራል» የተባለው ለማጋነን አይደለም፣ ካርታ ላይ የሚታይ ነው። ግንዱም የእውነት ግንድ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ዳርቻውን እየናደ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይሄዳል። ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ሥራ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» የሚባለው ይህንኑ ተረት ገልብጦ ነው።

ስሙ ላይ ስሕተት የሚበዛው ከፊደል ይጀምራል። በብዛት የሚታመነው «ዓባይ» ከግዕዙ «ዐቢይ»፣ ማለትም «ታላቅ» ከሚለው መምጣቱ ነው፤ «ዐቢይ» ለወንድ፣ «ዐባይ» ለሴት ጾታ ይነገራል። በ«አ» ሲጻፍ ግን ሌላ ቃል ይመጣል። «አበለ» ዋሸ ነውና አድራጊው «አባይ» ይሆናል፣ «ገደለ» «ገዳይ»፣ «ከፈለ» «ከፋይ» እንደሚል፤ በ«ለ» የሚጨርስ ግስ እንዲህ «ይ» ያወጣል። አማርኛ ሁለቱን ፊደላት በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ «ታላቁ» እና «ውሸታሙ» ተደባለቁ፣ ቅኔ ወዳዶችም ተጠቀሙበት። ቅኔነቱ ያምራል፣ የስሙ ምንጭ ግን አይደለም።

የሌላ ወንዝ ስም ስትመረምሩም መጀመሪያ ወንዙ በሚፈስበት አገር የሚነገረውን ቋንቋ ጠይቁ፤ ከዚያ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ለብቻ አውጡና በዚያ ቋንቋ «ወንዝ»፣ «ምንጭ»፣ «መሻገሪያ» ማለት እንደሆነ እዩ። «ለገዳዲ» እና «ለገጣፎ» ላይ ያለው «ለገ» የኦሮምኛው «ለጋ» ነው፣ ወንዝ ማለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚሰማ ጆሮ «ለጋ ቅቤ» ያለውን «ለጋ» ያስባል። «መልካ ቁንጥሬ» ላይ ያለው «መልካ»ም በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፣ ከ«መልክ» ጋር ዝምድና የለውም። ተከዜም እንዲሁ በግዕዝ «ተከዚ» ወንዝ ማለት ነው፤ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ በወንዝ ስምነት ይገኛል።

ከሁሉም የሚያሳስተው ዋቢ ሸበሌ ነው። «ዋቢ» በአማርኛ ዋስ፣ ምስክር ስለሆነ ትርጉሙ የተገኘ ይመስላል። በሶማሊኛ ግን «ዌቢ» ወንዝ፣ «ሸቤል» ነብር ነው፤ የነብር ወንዝ ማለት ነው። ስለዚህ «የዋቢ ሸበሌ ወንዝ» ስንል «ወንዝ»ን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ እየጠራን ነው።