የታዋቂ ሰው ስም ያለበት ዘጋቢ ፊልም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አርአያ መሪዎች የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች በዝተዋል፤ ፖስተራቸው ላይም የተዋናይ፣ የልዑል ወይም የቀድሞ ፕሬዚዳንት ስም በትልቁ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ከሚሴ ሆነው እነዚህን ፊልሞች ለሚያዩ፣ በአዳራሽ ለሚያሳዩና የአካባቢያቸውን ሰው ታሪክ ለመቅረጽ ለሚነሡ ነው። ወሎ በካሜራ ምክንያት ስሙ ዓለምን ሁለት ጊዜ የዞረ አገር ነው፤ እዚህ ያለ ተመልካች ፊልም ሲያይ ጠያቂ ሊሆን ይገባዋል።

«ፊልሙን የሠራው ታዋቂው ሰው ነው»

አይደለም፤ ቢያንስ ብዙውን ጊዜ አይደለም። «ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር» የሚባለው ገንዘብ ያስገኘ፣ ፊልሙን ከአከፋፋይ ጋር ያገናኘ፣ አንዳንዴም ሥራው ካለቀ በኋላ ስሙን ያዋሰ ሰው ነው። «አሜሪካን ፋክተሪ»ን ብዙ ሰው የኦባማ ፊልም ይለዋል። የሠሩት ግን ስቲቨን ቦግናርና ጁሊያ ራይከርት ናቸው፤ የባራክና የሚሼል ኦባማ ኩባንያ ሃየር ግራውንድ ከኔትፍሊክስ ጋር ፊልሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ከታየ በኋላ ነው። የእኛው «ድፍረት»ም፣ ዘጋቢ ሳይሆን በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ በትወና የተሠራ ፊልም ቢሆንም፣ እንዲሁ ነው፤ አንጀሊና ጆሊ የገባችበት ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ቀርጾ ከጨረሰው በኋላ ነው።

አንዳንዴ ማስረጃው ፊልሙ ውስጥ ራሱ ይገኛል። ልዑል ሃሪና ሜጋን ስማቸውን ያኖሩበት «ሊቭ ቱ ሊድ» የተባለው ባለ 7 ክፍል ተከታታይ ፊልም በኔትፍሊክስ የወጣው ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ነው። ከሰባቱ ባለታሪኮች አንዷ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናቸው፤ እሳቸው ያረፉት ግን መስከረም 8 ቀን 2013 ነው። ቃለ መጠይቁ ቢያንስ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀርጾ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ጄፍ ብላክዌል ናቸው፤ የኔልሰን ማንዴላ ፋውንዴሽንም አብሮ ሠርቷል።

ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚወርደውን የስም ዝርዝር ሳያነቡ አይነሡ። መጀመሪያ ዳይሬክተሩን፣ ቀጥሎ ኤዲተሩን ይፈልጉ። ከዚያ የባለታሪኩ የራሱ ኩባንያ ከአዘጋጆቹ መካከል እንዳለ ይመልከቱ። ስለ ሚሼል ኦባማ የተሠራውን «ቢካሚንግ» ያዘጋጀው የራሳቸው ሃየር ግራውንድ ነው። ይህ ፊልሙን ሐሰት አያደርገውም፤ ሳይነሡ የቀሩ ጥያቄዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ግን ይነግረናል።

«ዘጋቢ ፊልም የሆነውን እንዳለ ያሳያል»

ይህን ስሕተት ለማረም ከወሎ የተሻለ ምስክር የለም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ ያዘጋጀው የረሃብ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙ ርዳታም አሰባሰበ። አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ያው ምስል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በዚህኛው ግን በየመካከሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ረሃቡ እውነት ነበር፤ ማንም ሊክደው አይችልም፤ የሞቱት ወገኖቻችን ናቸው። ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ተመልካቹ ማንም ባይነግረው እንኳ ሦስተኛ ነገር ተረዳ። ያ ሦስተኛው ነገር በካሜራ አልተቀረጸም፤ በኤዲቲንግ ጠረጴዛ ላይ ተሠራ። መሪን የሚያወድስ ፊልምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰውየው ሲናገር ቀጥሎ የሚያለቅስ ሕፃን ወይም የሚያጨበጭብ ሕዝብ ይገባል።

ሁለተኛው ጊዜ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ታየ፤ ሙዚቀኞችን አነሣሣ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ ኮንሰርት ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የዚያ ዘመን አርአያ ተብሎ በፊልም የሚነሣው ኮንሰርቱን ያስተባበረው ሙዚቀኛ የቦብ ጌልዶፍ ስም ነው። ሙዚቀኞቹ ያመጡት ርዳታ ሕይወት አድኗል። እህል ያካፈሉ፣ የሰው ልጅ ያሳደጉ፣ ሬሳ የገነዙ የወሎ ሰዎች ስም ግን አይጠራም፤ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

ንግግር የተቆረጠበትን ቦታ ለማወቅ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል። ተናጋሪው እየተናገረ ምስሉ ድንገት ወደ እጁ፣ ወደ ጀበናው ወይም ወደ ጦሳ ተራራ ከዞረ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ንግግሮች የተሰፉት እዚያ ላይ ነው። የ20 ሰዓት ቀረጻ ወደ 50 ደቂቃ ሲወርድ ከ24 ደቂቃ የቀረው 1 ብቻ ነው።

የድጋሚ ትወናም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ዝነኛው ዳይሬክተር ቴሬንስ ማሊክ የሆነለት «ኢንዱራንስ» ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። የአትላንታው ሩጫ እውነተኛ ቀረጻ ነው፤ የልጅነቱ ክፍል ግን በትወና የተሠራ ነው፤ ትልቁን ኃይሌን ራሱ ኃይሌ ሆኖበታል።

«ፕሮዲዩሰሩን ካልወደድኩት ፊልሙ ዋጋ የለውም»

«ሊቭ ቱ ሊድ» የወጣው የልዑል ሃሪና የሜጋን የራሳቸው የሕይወት ታሪክ ፊልም ከተለቀቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። ሰዉ በጥንዶቹ ጉዳይ ገና እየተከራከረ ስለነበር ብዙው አስተያየት ስለ እነሱ ሆነ። በአፓርታይድ ዘመን በቦምብ ክንዱን ያጣው የደቡብ አፍሪካው ዳኛ አልቢ ሳክስ፣ የራግቢ ቡድኑ አምበል ሲያ ኮሊሲ፣ ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን የተናገሩት ተዋጠ። ተቃራኒውም ያው ጉዳት አለው፤ ተዋናዩን ስለምንወድ ብቻ ደካማ ፊልም እናሞግሳለን።

በአዳራሽ የሚያሳይ ሰው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሲያስተዋውቅ የባለታሪኩን ማንነት ብቻ ይናገር፤ የፕሮዲዩሰሩን ስም ከውይይቱ በኋላ ያንሣ።

«ባለታሪኩ ከፈቀደ ሁሉም ፈቅዷል»

«ድፍረት» በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። የጠበቃዋን የመዓዛ አሸናፊን ትግል ያሳያል፤ እሳቸው በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በ2006 ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ፤ አቤት ያለችው ጠበቃዋ የተሟገቱላት፣ ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ነበረች። በውጭ አገር ያለቀሰው ተመልካችና እዚያ ምሽት ወንበር ላይ ተቀምጦ የተመለሰው ተመልካች ያዩት አንድ ፊልም አይደለም።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይከብዳል። በወሎ አርአያ መሪ ሲባል መጀመሪያ ከሚታሰቡት መካከል እስላምም ክርስቲያንም የሚያስታርቁት አበጋሮች ናቸው። አበጋሩ ለመቀረጽ ፈቀዱ ማለት የገዳይና የሟች ቤተሰብ ፈቀደ ማለት አይደለም። ደም የደረቀበትን ጉዳይ ፊትና ስም አውጥቶ ማሳየት የተዘጋን ቁስል ይከፍታል። ፈቃድ ሲጠየቅ እንዲህ ይሁን፦ ቅጹ ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ፣ ከሚሴና ባቲ ላይ በኦሮምኛም ጭምር፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ፊልሙ የት እንደሚታይ፣ ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ፣ አዳራሽ ተብሎ በየስሙ ይነገር፤ መልሱ በካሜራም ይቀረጽ። ከዚያ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ወገኖች የተጠናቀቀውን ቅጂ ለየብቻ ይዩት። ጥሬ ቀረጻውን አይቶ የፈቀደ ሰው ከተቆረጠ በኋላ የማይቀበለው ነገር ሊያገኝ ይችላል።

«ሰዉ ካጨበጨበ ወዶታል»

ይሉኝታ ባለበት አገር ጭብጨባ መለኪያ አይሆንም። መብራቱ በበራ ቅጽበት «እንዴት አያችሁት?» ቢባል መልሱ «በጣም ጥሩ ነው» ነው፤ እንግዳ አዘጋጅ ፊት ማን ይነቅፋል? እውነተኛው አስተያየት የሚመጣው ቡናው ከተፈላ በኋላ ነው፤ አቦሉ ላይ ምስጋና፣ ቶናው ላይ ጥያቄ፣ በረካው ላይ ክርክር። ከፊልሙ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይመደብ፤ ሰዉ ከ8 እስከ 12 ሆኖ ይከፈል። «ወደዳችሁት?» ከማለት ይልቅ «ፊልሙ ውስጥ ያልተናገረው ማን ነው?»፣ «ባለታሪኩ የተሳሳተበት ቦታ ታይቷል?»፣ «እዚህ ቢሆን ማን ያግዘው፣ ማን ይቃወመው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰው ስለ ራሱ ቀበሌ መናገር ይጀምራል።

የትርጉም ጽሑፍ ካለ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር፣ በመስመር ከ30 ፊደል አይብለጥ፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉ ካላነበቡ አስተያየታቸው ስለ ምስሉ ብቻ ይሆናል።

«ኔትፍሊክስ እከፍላለሁ፤ አዳራሽ ላሳይ እችላለሁ»

ክፍያው ለግል እይታ ነው። ኔትፍሊክስ ግን ለአንዳንድ የራሱ ዘጋቢ ፊልሞች የትምህርት ማሳያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ በፊልሙ መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የመግቢያ ክፍያ፣ ገንዘብ ማሰባሰቢያና የፖለቲካ ቅስቀሳ ክልክል ነው። የሚታየውም ከአካውንቱ በቀጥታ በኢንተርኔት ስለሆነ መስመሩን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰዓት አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

«በፊልም አርአያ የተባለ ሰው ሁሌም እንደዚያው ይኖራል»

የያኔዋ የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ከ«ሊቭ ቱ ሊድ» ሰባት ባለታሪኮች አንዷ ነበሩ። ፊልሙ በወጣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 2015 ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ስለ ሕያው ሰው የተሠራን ፊልም ስታሳዩ የተቀረጸበትን ዓመት አስቀድማችሁ ንገሩ።

«ታዋቂ ሰውና ትልቅ ካሜራ ከሌለ አይሞከርም»

ጥሩ ስልክ ይበቃል። ፊልሙን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ድምፁ ነው፤ ደሴ ላይ ነፋስ፣ ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ጩኸት። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይሰካ፤ ነጠላና ጋቢ እየነካው እንዳይንሿሿ ጨርቁ ወደ ጎን ይያዝ፤ ደጅ ከሆነ ነፋስ የሚከላከል ፀጉራማ የማይክ ሽፋን ይደረግለት። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የቦታው ድምፅ ለ1 ደቂቃ ይቀረጽ፤ ያለዚያ ንግግሩ በተቆረጠበት ሁሉ ጸጥታው ገደል ይሆናል።

አንድ ሰውን በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም። የመጀመሪያው ቀን የሚገኘው ለእንግዳ የሚነገረው ነው፤ ሦስት ቀን በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ይሻላል። ከባለታሪኩ ሌላ ቢያንስ የማይስማማው አንድ ሰው ይጠየቅ፤ ይህ ከተዘለለ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈጃል፤ የ20 ሰዓቱ ቀረጻ 900 ጊጋባይት ነው። ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ሃርድ ዲስክ ተገዝቶ በየማታው ሁለቱም ላይ ይገልበጥ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት አይቀመጡ። ያልተቆረጠው ቃለ መጠይቅ ሙሉ ቅጂ ደግሞ ለባለታሪኩ ቤተሰብ ይሰጥ፤ ፊልሙ ውስጥ ሳይገባ የቀረው የሰውየው ንግግር የሚገኘው እዚያ ነው።