ቤት ማከራየት፦ አከራዮች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦችና እውነታው

«ቤት ገዝቶ ማከራየት ከባንክ ወለድ ይሻላል።»

ወረቀት ላይ አስሉት። በ6 ሚሊዮን ብር የተገዛ ኮንዶሚኒየም በወር 25 ሺህ ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 300 ሺህ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢሆን 25 ሺህ ይሄዳል። ለቀለም፣ ለቧንቧና ለውሃ ማሞቂያ ጥገና 20 ሺህ ሲወጣ የሚቀረው 255 ሺህ፣ ወይም 4.25 በመቶ ነው። ያው ገንዘብ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ 420 ሺህ ያስገኛል። ሁለቱም ከግብር በፊት ናቸው። ቤት የሚያዋጣው የራሱ ዋጋ ሲጨምር ነው። በብድር የሚገዛ ሰው ግን ይህ ጭማሪ ቤቱን እስኪሸጥ ድረስ እጁ አይገባም፤ ወርሃዊ ክፍያውን ከኪራዩ ሊሸፍን ካሰበ መጀመሪያ ይህን ስሌት ይሥራ።

«ካርታው በስሜ ስለሆነ ብቻዬን አከራያለሁ።»

ብዙ ትዳር ውስጥ ጣጣ የሚያመጣው ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የባልና ሚስት ስምምነት ይጠይቃል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ተከራይም ይህን ከመጀመሪያው ይጠይቅ።

«ለወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ስለሰጠሁ ማንኛውንም ውል ይፈርማል።»

ውጭ አገር ላላችሁ ባለቤቶች ይህ ወሳኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው ከ3 ዓመት ላልበለጠ ኪራይ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ውክልናው ላይ ሥልጣኑ በግልጽ ይጻፍ።

«እኔና ተከራዬ ከተስማማን መንግሥት አያገባውም።»

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባስታወቀው ልክ ብቻ ነው። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ይህ አከራዩንም ይጠቅማል፤ ያልተከፈለው የትኛው ወር እንደሆነ የባንኩ ሰነድ ይናገራል።

«ካልከፈለ መብራት ቆርጬ፣ ቁልፍ ቀይሬ አስወጣዋለሁ።»

አይሆንም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ የሰጣችሁበትን ማስረጃ ያዙ፣ ካልወጣ ፍርድ ቤት ክሰሱ። ዕቃውን አውጥቶ ደጅ ላይ የጣለ አከራይ ውዝፍ ኪራይ ሊጠይቅ ሄዶ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

«ቁልፍ ማስረከብ ብቻ ይበቃል።»

በካርድ የሚሠራ የመብራት ቆጣሪ ብዙም አያጨቃጭቅም፤ ያስሞላ ይጠቀማል። የውሃ ቢል ግን ከተጠቀሙ በኋላ ነው የሚመጣው፣ የውሃው ውልም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ስም ስለሆነ ተከራይ ከፍሎ ሳይጨርስ ቢወጣ ዕዳው ለባለቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ሲገባም ሲወጣም የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ። የቁልፍ ብዛት፣ የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የማይሠራ ሶኬት በየክፍሉ ተጽፎ ሁለታችሁ ፈርሙበት፣ አንድ አንድ ቅጂም ያዙ። ያረጀ ቀለም በተከራይ አይታሰብም፤ የተሰበረ ሲንክ ግን ይታሰባል። ይህ ዝርዝር ከሌለ ሲንኩ መቼ እንደተሰበረ ማረጋገጫ አይኖራችሁም።