«የተፈጥሮ ጎማ ፍጆታ» ምንድን ነው?

«ቻይናዎች ከዓለም የተፈጥሮ ጎማ 40 በመቶ ያህሉን ይጨርሳሉ፤ አውሮፓውያን ግን ቆጣቢ ናቸው።» ሰሞኑን ደግሞ አንዱ እንዲህ ብሎ ጽፎ አነበብኩ። ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ቁጥሩ ብዙም አልሳተም። የተሳተው «ፍጆታ» የሚለው ቃል ነው። ፍጆታ ሲባል ቤታችን ገብቶ ያለቀ ነገር ይመስለናል። የጎማ መዝገብ ግን የሚቆጥረው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጥሬው ጎማ ማሽን ውስጥ ሲገባ «ተፈጀ» ይባላል፣ በቃ። የተሠራው ዕቃ ከዚያ ወዴት እንደሄደ መዝገቡ ደንታም የለው። በአማርኛ ነገሩ ይብሳል፤ ጥሬውም ጎማ፣ መኪና ላይ የሚገጠመውም ጎማ።

ልብስ ሰፊ አስቡ። በዓመት 1,000 ሜትር ጨርቅ ይቆርጣል። ታዲያ 1,000 ሜትር ለበሰ እንበል? እሱ እኮ የሚለብሰው አንድ ያረጀ ሸሚዝ ሊሆን ይችላል። ከተፈጥሮ ጎማ 70 በመቶ ገደማ የሚሄደው ለተሽከርካሪ ጎማ ነው፤ ቻይና ደግሞ የዓለም ዋና ጎማ ሰፊ ናት። የሰፋችው አውሮፓ መንገድ ላይ ሲያልቅ እንኳ ፍጆታው በእሷ ስም እንደተጻፈ ነው።

ማሌዥያን በነፍስ ወከፍ ካሰላችሁማ ጉድ ነው። ከታይላንድ ሳይቀር ላቴክስ (የጎማ ዛፍ ፈሳሽ) እያስመጣች የሕክምና ጓንት ትሠራለች። ጓንቱን የሚያጠልቀው የሌላ አገር ሐኪም ነው። «ማሌዥያውያን ጎማ ይወዳሉ» የሚለኝ ሰው እጃቸው ስንት ጣት እንዳለው ይንገረኝ።

ላቴክስን ካነሳሁ አይቀር፣ ሚዛኑንም ተጠንቀቁ። ከዛፉ የሚወርደው ፈሳሽ ሲሶው ገደማ ብቻ ነው ጎማ፤ የተጣራው 60 በመቶ ይደርሳል። አንዱን አገር በደረቁ፣ ሌላውን በፈሳሹ መዝኖ ማወዳደር የአንዱን ሰፊ ጨርቅ ነክሮ እንደመመዘን ነው። ቻይና የምታስገባው «ቅይጥ ጎማ» ደግሞ አለ። አብዛኛው የተፈጥሮ ነው፤ ትንሽ ሰው ሠራሽ ስለተጨመረበት ግን ጉምሩክ በሌላ መደብ ይመዘግበዋል። እሱን የዘነጋ ድምር ጎዶሎ ነው።

«ሰው ሠራሹን ማምረት ያልቻለ የተፈጥሮውን ያበዛል» የሚለውንም ተዉት። የከባድ መኪና ጎማ ከቤት መኪና ጎማ ይልቅ የተፈጥሮውን ይፈልጋል፤ የአውሮፕላንማ ከሞላ ጎደል እሱው ነው፣ ሙቀቱንና ጫናውን ስለሚችል። የአገሩ ድርሻ የሚናገረው ፋብሪካዎቹ ምን እንደሚሠሩ ነው።

የምር ማን እንደሚጠቀም ለማወቅ ከፋብሪካው ፍጆታ ላይ ወደ ውጭ የተላከ ዕቃ ውስጥ ያለውን ጎማ መቀነስ፣ ከውጭ በገባው ውስጥ ያለውን መደመር ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ከውጭ የሚገባ መኪና ግን አራት ጎማ ተጫምቶ ይመጣል፣ ጉምሩክ ላይም መኪና ተብሎ ያልፋል። ስኮርታውንማ ማን ያስታውሰዋል!