ካሰሮል ምንድን ነው? የተፈጨ ሥጋ፣ ድንችና ቺዝ በአንድ ሳህን

ካሰሮል ጎድጎድ ባለ የኦቨን ሳህን ውስጥ ተደራርቦ የሚበስልና በዚያው ሳህን ለገበታ የሚቀርብ ምግብ ነው። ሳህኑም ምግቡም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ የሚሞላ ነገር አለው፤ ድንች፣ ፓስታ ወይም ሩዝ። ሥጋ ወይም አትክልት ይገባበታል። ሁሉንም የሚያያይዝ ሶስ አለ። ከላይ ደግሞ ኦቨን ውስጥ የሚቀላ ሽፋን። ላዛኛ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሐሳቡ አዲስ አይሆንባችሁም።

እዚህ የማወራው ስለ አንዱ ዓይነት ነው። የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ በስሱ የተቆረጠ ድንች፣ በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራ ነጭ ሶስና ብዙ ቺዝ። በሥራ ቀን ማታ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ርቦት ሲጠብቅ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምግብ ብዙ የለም። እጅ ያስቆረጥማል፣ ያጠግባል፣ ለነገም ይተርፋል።

ይሁንና ብዙ ሰው አንዴ ሞክሮ ይተወዋል። ወይ ድንቹ ጥሬ ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ሳህኑ ሥር ውሃ ያቁራል፣ ወይ ቺዙ ዘይቱን ለቆ ይደርቃል። ሁሉም ከአንድ ነገር ይመጣሉ ማለት ይቻላል። ሥጋው፣ ድንቹና ቺዙ የሚበስሉበት ጊዜ አይገጥምም። የተፈጨ ሥጋ መጥበሻ ላይ በአሥር ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ጥሬ ድንች ኦቨን ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ቺዝ ለመቅለጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይበላሻል። ካሰሮል መሥራት ማለት እንግዲህ ሦስቱን በተለያየ ሰዓት አስነስቶ እኩል ማድረስ ነው። ይህ ከገባችሁ መጠኑን እንደ ቤታችሁ ብታቀያይሩም ምግቡ አይበላሽባችሁም።

ድንችንና የተፈጨ ሥጋን በአንድ ሳህን ማብሰል የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዮች የተፈጨ ሥጋ ላይ የተፈጨ ድንች ደርበው የሚሠሩት ምግብ አላቸው። አሺ ፓርማንቲዬ ይሉታል። ስሙ የአንቷን ኦጉስታን ፓርማንቲዬ መታሰቢያ ነው። ሰውዬው ከ1737 እስከ 1813 እ.ኤ.አ. የኖረ የጦር ሠራዊት ፋርማሲስት ነው። በፕሩሺያ፣ በቀድሞው የጀርመኖች መንግሥት፣ ምርኮኛ ሳለ ድንች ሲቀርብለት ምግብነቱን አወቀ፤ አገሩ ሲመለስ ዕድሜውን ሙሉ ለድንች ተሟገተ። አሁን የምናውቀው የሥራ ቀን ካሰሮል ግን በብዛት የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ፓይሬክስን ለገበያ አቀረበ። የኦቨን ሙቀት የሚችል የመስታወት ሳህን ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ በቆርቆሮ አሽጎ አወጣ። ሶስ መሥራት ቀረና ቆርቆሮ መክፈት በቃ። የታሸገው ሾርባ ይሠራል፤ ነገር ግን ጨው ይበዛበታል፣ ጣዕሙም ሁሉንም ካሰሮል አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ነጭ ሶስ በራስ እጅ መሥራት አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ያንን አሥር ደቂቃ አልሰስትም።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ለስድስት ሰው የሚበቃ አንድ ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና 200 ግራም ቺዝ ያዙ። ለሶሱ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄትና 600 ሚሊ ሊትር ወተት ያስፈልጋል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ አይቀሩም። ሳህኑ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ልክ ይመጣል።

ድንቹ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ድንቹ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ቆይታ ማድረግ ይገባል። ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ጥሩ ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ጠርዝ ጠርዙ በስሎ መሃሉ ጥሬ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከቅጥነቱም በላይ ግን እኩል መሆኑ ይበልጣል። አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ገና ቀጭ ቀጭ ይላል።

የተቆረጠውን ድንች አትጠቡት። ለመጥበስ ሲሆን ማጠብ ደግ ነው፤ እዚህ ግን ላዩ ላይ ያለው ስታርች፣ ማለትም ዱቄት መሰሉ ነጭ ነገር፣ ሶሱን ስለሚያወፍር ያስፈልገናል። ልጣጩን ከማንሳታችሁ በፊት እጠቡት፣ ከዚያ ቆርጣችሁ ቶሎ ወደ ሳህኑ። አረንጓዴ የሆነ ቦታ ካያችሁ በደንብ ቆርጣችሁ ጣሉ። አረንጓዴነቱ ሶላኒን የሚባለው መራራና ጎጂ ነገር እዚያ አካባቢ እንደበዛ ምልክት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ድንች በአሲድ ውስጥ ለመብሰል እምቢ ይላል። የድንችን ሴሎች አንድ ላይ የሚይዛቸው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ድንች የሚለሰልሰው ፔክቲኑ በሙቀት ሲላላ ነው። አሲድ ሲኖር ፔክቲኑ ይጠነክራል። ቲማቲም አሲድ አለው። ስለዚህ ጥሬ ድንች በቲማቲም ሶስ ደርባችሁ ኦቨን ከከተታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላም ጠንካራ ሊሆንባችሁ ይችላል። ጥፋቱ የኦቨኑ አይደለም። ቲማቲም ከወደዳችሁ ሥጋው ውስጥ ጨምራችሁ ውሃው እስኪመጥ አብስሉት፤ ድንቹን ደግሞ ቀድማችሁ ቀቅሉት። በወተት ሶስ ሲሆን ይህ ችግር የለም። እኔ ለሥራ ቀን ነጩን ሶስ የምመርጠው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሥጋው

መጥበሻው በደንብ ይጋል። ሥጋውን ጨምራችሁ ዘርጉትና ለሁለት ለሦስት ደቂቃ አትንኩት። ቶሎ ቶሎ ማማሰል ሥጋውን ይቀቅለዋል እንጂ አይጠብሰውም። ድምፁን አድምጡ። መጀመሪያ ሥጋው ውሃ ያወጣል፤ የምትሰሙት የሚንተከተክ ውሃ ድምፅ ነው፤ ቀለሙም ግራጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች በሰለ ብለው ያወጡታል። ጠብቁ። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ቸስ ቸስ ማለት ይጀምራል። መቅላት የሚጀምረው ያኔ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ የመጥበሻው ሙቀት ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙ አያልፍም፤ ሥጋ በደንብ የሚቀላው ግን ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ለካሰሮሉ ጣዕም የሚሰጠው ያ መቅላት ነው። ኦቨን ውስጥ ከሶስ ሥር የተቀበረ ሥጋ በኋላ አይቀላም። ዕድሉ አንዴ ብቻ ነው።

ሥጋው ሲቀላ በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ጨምራችሁ አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቶሎ ያርራል፣ ሲያርር ደግሞ ይመራል። ስብ ከበዛበት መጥበሻውን አዘንብሉና በማንኪያ ቅዱ። ሳህኑ ሥር ለሚያቁረው ቅባት ዋናው መነሻ ይኸው ነው። ውሃውም እንዲሁ። ሥጋው ወደ ሳህኑ ሲገባ እርጥብ እንጂ ፈሳሽ መሆን የለበትም።

የተፈጨ ሥጋ በደንብ መብሰል አለበት፤ ቢያንስ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት። በሙሉ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ የሚኖረው በአብዛኛው ከላይ ነው። ሲፈጭ ግን የላዩ ከውስጡ ይቀላቀላል።

ሶሱና ቺዙ

ቅቤውን ለዘብ ባለ እሳት አቅልጡና ዱቄቱን ጨምሩ። ጥሬ ጥሬ መሽተቱ እስኪቀር ለሁለት ደቂቃ አማስሉ። ወተቱን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ጨምሩ፤ አንዴ ከተደፋ ይጓጉላል። ሶሱ የማንኪያውን ጀርባ ከሸፈነ በቃው። ትንሽ ቀጠን ያለ ቢመስላችሁ አትስጉ፤ ድንቹ ኦቨን ውስጥ የቀረውን ያወፍረዋል። ጨው ስትቀምሱ ደግሞ ከወትሮው ትንሽ ፈጠን ያለ ይሁን። ድንች ጨው ይውጣል። ዱቄቱ ከማወፈር ሌላም ሥራ አለው። ወተቱ በረጅም ሙቀት እንዳይቆራረጥ ይይዘዋል። ያለ ዱቄት ወተቱን ብቻ ድንች ላይ ብታፈሱት የመቆራረጥ ዕድሉ ከፍ ይላል።

እሳቱን አጥፍታችሁ የቺዙን ግማሽ ሶሱ ውስጥ ቀላቅሉ። እሳት ላይ እያለ ቺዝ አይግባ። ቺዝ ፕሮቲኑ ስቡን አቅፎ የያዘ ነገር ነው። ሙቀት ሲበዛ ፕሮቲኑ ይኮማተርና ስቡን ይለቀዋል። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ያ ነው።

የትኛው ቺዝ? ቼዳር ጣዕም ይሰጣል፤ ሞዛሬላ ይለጠጣል። እኩል ለእኩል ማቀላቀል ከሁለቱም ያገኛል። በኮምጣጤ ወይም በሎሚ የረጋ ቺዝ ግን አይቀልጥም። ይሞቃል፣ ይደርቃል እንጂ አይለጠጥም። ተፍቆ ታሽጎ የሚሸጠው ቺዝ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ይነሰነስበታል። ስለዚህ እንደ ልብ አይቀልጥም። ራሳችሁ ብትፍቁት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ኦቨን ውስጥ

ሳህኑን ቅቤ ቀቡ። የድንቹን ግማሽ ደርድሩ፣ ከሶሱ ግማሽ አፍስሱበት፣ ሥጋውን በሙሉ ዘርጉበት፣ ቀሪውን ድንች ደርቡ፣ በቀሪው ሶስ ሸፍኑት። የላይኛው ድንች አንድም ቦታ ሳይሸፈን እንዳይቀር። ያልተሸፈነው ይደርቃል።

በአሉሚኒየም ፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑና በ190 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጋለ ኦቨን ውስጥ ለ50 ደቂቃ ያህል ተዉት። ፎይሉ እንፋሎቱን አምቆ ድንቹን ያበስለዋል። ከዚያ ቢላ መሃሉ ላይ ስደዱበት። ያለ ትግል ከገባ ደርሷል። ከታገለ መልሳችሁ ክደኑና አሥር ደቂቃ ጨምሩለት። ቺዙን አስቀድማችሁ አታድርጉበት። ድንቹ መብሰሉን ቢላው ሲነግራችሁ ብቻ ቀሪውን ቺዝ በትኑበትና ያለ ፎይል ለ15 ደቂቃ መልሱት። ዳር ዳሩ ሲንተከተክ፣ ላዩ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ ሲቀላ አውጡት።

ወዲያው አትቁረጡት። ይህን መቼም ርቦት ለሚጠብቅ ሰው መንገር ከባድ ነው። ነገር ግን ከኦቨን እንደወጣ ሶሱ ፈሳሽ ነው፤ ማንኪያ ሲገባበት ይፈርሳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካረፈ ስታርቹ ይረጋል፣ ቁራጩም ቅርጹን ይይዛል። ያንን ጊዜ ሰላጣ መከታተፊያ አድርጉት።

ታዲያ ይህ የሥራ ቀን ምግብ ነው?

ስትደምሩት ከሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ፈጣን ምግብ ነው ብሎ ማንንም ማታለል አይገባም። ጥቅሙ ሌላ ነው። የእናንተ እጅ የሚያስፈልገው ለ30 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው የኦቨኑ ሥራ ነው። ልብስ ትቀይራላችሁ፣ ልጅ ታስጠናላችሁ፣ አረፍ ትላላችሁ።

ቀኑ ከጠበበ ድንቹን ቀድሞ መቀቀል ትልቁ አቋራጭ ነው። የተቆረጠውን ድንች ጨው ባለው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀቅሉና በደንብ አጥልሉት። ሶሱና ሥጋው ትኩስ ከሆኑ ኦቨን ውስጥ 25 ደቂቃ ይበቃል። ሌላው መንገድ ከዋዜማው ማሰናዳት ነው። ሥጋው ሙሉ በሙሉ ይብሰል፤ ግማሽ አብስሎ ማሳደር ለባክቴሪያ በር መክፈት ነው። ድንቹም ተቀቅሎ ይግባ፤ ጥሬ ድንች ካደረ ይጠቁራል። በማግስቱ ሳህኑ መስታወት ከሆነ ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ አትክተቱት። ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ሳህኑ ቅዝቃዜው ለቀቅ እስኪለው ውጭ ይቆይ።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት መሃሉ ድረስ ይሙቅ፤ ቴርሞሜትር ካላችሁ 74 ዲግሪ ይድረስ። ለማይክሮዌቭ ከምትሰጡት ፎይል አልብሳችሁ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ጠብ አድርጋችሁበት ኦቨን ውስጥ ብታሞቁት ሶሱ ይመለሳል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አላስቀምጠውም። ድንች በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ውሃውን ይለቃል፣ ሶሱም ይቀጥናል። ለፍሪዘር የምትፈልጉ ከሆነ ሥጋውን ብቻ አብዝታችሁ አብስሉና ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። ድንቹንና ሶሱን በዕለቱ ትሠራላችሁ።